አፈሩ ያንተ፣ ዛፉ የኔ

ምዋሪንጋ የፍየሎቹን ፍግ ከበረት ዝቆ፣ በጋሪ ገፍቶ፣ ከካድዞ ዘንባባዎች ግርጌ ሲደፋው ላየ ሰው እንዴት ያለ ደግ ጎረቤት ነው ያሰኛል። ለመበለቲቱ የኮኮነት ዛፎች ማዳበሪያ እያለበሰ ነው እንዴ ይባላል። ደግነት ግን ምዋሪንጋ ደጅ ደርሶ አያውቅም። ፍግ ሲበሰብስ የቀንዳም ጢንዚዛ መራቢያ ይሆናል። ትሉ እዚያ ውስጥ ይወፍርና ክንፍ ያወጣል፣ ሽቅብ በሮ የዘንባባዋን አናት ፈልፍሎ ይገባል፣ ልቧን ይበላል። ዘንባባ ደግሞ እንደ ማንጎ ከጎኗ አታቆጠቁጥም። የተሰጣት አንድ ልብ ነው፤ እሱ ከተበላ አለቀላት።

ካድዞ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ክዳን የምትሠራበትን ቅጠል ጥላ ከደጇ ተነሣችና መንገዱን ተሻግራ ከፊቱ ቆመች።

«የፖንዳ ልጅ! ለፍግህ ሌላ ቦታ ጠፋ?»

«ቦታማ ሞልቷል። እኔ የወደድኩት ይሄን ነው።» ምዋሪንጋ አካፋውን ተደግፎ ፈገግ አለ። «አፈሩ የማን ነው?»

«ያንተ ነው።»

«እንግዲያው በአፈሬ ላይ ፍግ ብደፋ፣ ሰርግ ብደግስ፣ አንቺን ምን አገባሽ?»

«እነዚያ የበሰበሱ ግንዶችስ? ከየት ነው የጎተትካቸው?»

«መቀመጫ ናቸው። አርጅተሻል፣ ዛፍሽን ልታዪ ስትመጪ አረፍ እንድትዪ ብዬ ነው።»

«አንተ ለኔ መቀመጫ! አባትህ ሲሞት ለለቀስተኛ መቀመጫ ያላወጣህ ሰው!»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። አካፋውን አንሥቶ የቀረውን ፍግ እግሯ ላይ ሊደርስ እስኪል አራገፈው።

ነገሩ የተተከለው በአባቶቻቸው ነው። ይህ በሆነበት በኪሊፊ የባሕር ጠረፍ አፈሩ የአንዱ፣ በላዩ የቆመው ዛፍ የሌላው ሊሆን ይችላል። የምዋሪንጋ አባት ፖንዳና የካድዞ አማት ንጎንዮ እንደ አንድ እናት ልጆች የሚዋደዱ ሰዎች ነበሩ። ንጎንዮ መሬት አልነበረውም። ፖንዳ በሽማግሌዎች ፊት እጁን ጨብጦ «አፈሩ የኔ፣ ዛፉ ያንተ» አለውና ንጎንዮ ሰባት ኮኮነት ተከለ። ዛፉ ቆሞ እስካለ ድረስ ባለዛፉ በሰው አፈር ላይ ገብቶ ይወጣል፤ ፍሬውን ያወርዳል፣ ቅጠሉን ይሰበስባል፣ ከልካይ የለውም። ዛፉ ከሞተ ግን መብቱም አብሮ ይሞታል፤ ባለአፈሩ ካልፈቀደ ሌላ አይተከልም። የሰው ዘንባባ በቆንጨራ የቆረጠ ደግሞ ደም እንዳፈሰሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ነው ምዋሪንጋ ቆንጨራ ያላነሣው። ጢንዚዛን ማን ይከሰዋል?

ባሏ ቻሮ ሲሞት ለካድዞ የቀሩላት እነዚህ ሰባት ዛፎች ናቸው። ከፍሬው ዘይት ታወጣለች፣ ከቅጠሉ የቤት ክዳን ትሠራለች፣ በዚያ ትኖራለች። እነሱ ካለቁ የሚጠብቃት ወንድሟ ቤት ገብቶ የሚስቱን ፊት እያዩ መጉረስ ነው። ሴትየዋ ደግሞ ሰው ሲበላ ጉሮሮውን ነው የምትመለከተው። ካድዞ ከዚያ ሞት ይሻለኛል ትል ነበር፤ ስትልም የምሯን ነው።

የምዋሪንጋ ጥላቻስ? እሱ ቤት ልሠራበት ነው፣ አናናስ ልተክልበት ነው ይላል። ውሸቱን ነው። ልጅ ሳለ አባቱ ማታ ማታ ከነዚያ ዘንባባዎች ሥር ከንጎንዮ ጋር እየተሳሳቀ የኮኮነት ጠጅ ሲጠጣ፣ እሱ በቀረበ ቁጥር «ሂድ ወደ እናትህ» ይባል ነበር። አባትየው ሊሞት ሲያጣጥርም ያስጠራው ንጎንዮን እንጂ ልጁን አልነበረም። ሰው በእንዲህ ያለ ነገር ይቆስላል፤ አያስፈርድም። ቁስሉን ይዞ በመበለት ላይ መነሣት ግን የወራዳ ሥራ ነው።

ካድዞ ሽማግሌ ባያ ዘንድ ሄዳ ከሰሰች። ሽማግሌው ከነጓደኞቻቸው መጥተው ፍጉን አዩ፣ ግንዶቹን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉ። ውስጣቸው እንደ አውራ ጣት የወፈረ ነጭ ትል ይርመሰመሳል።

«ምዋሪንጋ፣ ይሄ ሥራ ነው?» አሉት።

«አባቴ፣ ዛፏን ነክቻለሁ?»

«አልነካህም።»

«ባፈሬ ላይ ፍግ አታድርግ የሚል ሕግ አለ?»

ሽማግሌው ካድዞን በሐዘኔታ አይተው «የለም» አሉ። የካድዞ ደም ፈላ።

ወትሮ ዛፍ የሚወጣላት ካሪሳ የሚባል ጎረምሳ ነበር። በሽቦ መንጠቆ ጢንዚዛውን ከየጉድጓዱ እየጎለጎለ የሚያወጣ፣ በየቅጠሉ ብብት አሸዋና ጨው የሚጨምር፣ እጁ የተባረከ ልጅ ነበር። ድንገት አንድ ሰሞን «ወገቤን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ጠጅ ቤት ሞቅ ሲለው ራሱ ዘከዘከው። ምዋሪንጋ ከታች ያሉትን የራሱን ወጣት ዘንባባዎች ጭማቂያቸውን ለጠጅ እንዲቀዳ ሰጥቶታል፣ «የአሮጊቷን ዛፍ ከወጣህ ግን የኔን አትነካም» ብሎታል። ሌሎቹም ዛፍ ወጪዎች ይህንኑ ሰምተው ወገባቸውን አመማቸው።

እንግዲህ ዛፎቹ ተራ በተራ ሞቱ። መጀመሪያ አዲሱ ቅጠል በመቀስ እንደተቆረጠ ጨርቅ ሦስት ማዕዘን እየሆነ ተሸነታተረ። ቀጥሎ መሐሏ ተጎረደ፣ ከዚያ ዘውዷ ወደቀ፣ ግንዷ ብቻውን እንደ ምሰሶ ቀረ። አንዷ በሞተች ቁጥር ምዋሪንጋ ከነሥሯ ነቅሎ አቃጠላት፤ ዱካዋ እንዳይቀር በቦታው ካሳቫ ተከለ። ስድስቱ እንዲህ አለቁ።

ሰባተኛዋ ግን ረጅሟ፣ ንጎንዮ መጀመሪያ የተከላት ነበረች። ካድዞ አንድ ጠዋት ቀሚሷን በመቀነት ሸብ አድርጋ፣ መንጠቆውን በጥርሷ ነክሳ፣ ከግንዱ ላይ የተጠረበውን እርከን እየረገጠች ወጣች። በዚያ አገር ሴት ዘንባባ ላይ አትወጣም። ሰዉ ከየእርሻው ቆሞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ምዋሪንጋ ከታች ሆኖ አጨበጨበ።

«ዝንጀሮ መጣች! ኧረ ልጆች ኑ እዩ፣ ቀሚስ የለበሰች ዝንጀሮ!»

«ዝንጀሮማ አፈር አይበላም፤ አንተ ነህ አፈር የበላኸው!» ከላይ ጮኸችበት።

«ሴት የወጣችባት ዛፍ ትመክናለች፣ አታውቂም?»

«አንተን የወለደች እናት ካልመከነች፣ ዛፍ በኔ አይመክንም!»

ሰዉ ሳቀ፤ ምዋሪንጋ አልሳቀም። ካድዞ አናቷ ላይ ደርሳ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ጎረጎረች። ቀንዳሙን በመንጠቆ ወግታ ስታወጣው ቁልቁል ወደ ምዋሪንጋ ወረወረችው። «እንካ፣ ከብትህን እሰር!»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ወጣች። ንጎንዮ ያስተማራትን ሁሉ አደረገች። «ዘንባባ ራሷን ለፀሐይ፣ ፊቷን ለባሕር ነፋስ፣ እግሯን ለእርጥብ አሸዋ ትሰጣለች። እግሯ ላይ ግን ውሃ እንዳይተኛ» ይላት ነበር። የኮኮነት ልጣጭ ገልብጣ በሥሯ ዙሪያ ደረደረች፣ አረም ነቀለች፣ የደረቀውን ቅጠል እንጂ አረንጓዴውን አልነካችም። ግን ፍጉ እዚያው ነው። አሥር ብታወጣ ሃያ ይበራል። የገደለችው ሁሉ ከምዋሪንጋ ጓሮ እንደገና ይወለዳል። አንዳንዴ ሥር ቁጭ ብላ እጇን ግንዱ ላይ አድርጋ «አንቺን ካጣሁ ወዴት ልሂድ?» ትላለች፤ ሰው እንዳይሰማት በለሆሳስ።

ከዝናቡ በፊት ባለው ሙቀት፣ አንድ ጠዋት ወጥታ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን ያልተፈታ ቅጠል፣ ልብ የሚሉትን፣ እንደ ልማዷ ነካ ስታደርገው ከነሥሩ ተመዞ እጇ ላይ ቀረ። ጫፉ ጠቁሯል፣ ተበልቷል፣ እንደ ግም ሥጋ ይሸታል። ጉድጓዱ ውስጥ እጇን ብትሰድ ለስላሳ ብስባሽ ብቻ ነካች። ዛፏ ሞታለች። ፍሬው ተንጠልጥሏል፣ የዙሪያው ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ ለጥቂት ወራት እንዲሁ ይቆያል፤ ግን ሞታለች። ካድዞ እዚያው ቅጠል ውስጥ ተሸሽጋ አለቀሰች። ለዛፏ አለቀሰች፣ ለቻሮ አለቀሰች፣ ለወንድሟ ሚስት ፊትም አለቀሰች።

«ዛሬ ቆየሽ!» ምዋሪንጋ ከታች ተጣራ። «አለቀላት እንዴ?»

እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች። ቅጠሉን ወደ ጉድጓዱ መልሳ ሰካችው፣ አሸዋና ጨው ጠቅጥቃ አጸናችው፣ ከጎኑ ካሉት ቅጠሎች ጋር በቃጫ አሰረችው። ወረደችና ፊቱን ሳታይ አለፈች።

«አንተን ሳትቀብር አትሞትም» አለችው።

በማግስቱም ወጣች። በሣልስቱም ወጣች። የሞተ ዛፍ ላይ፣ መንጠቆ ይዛ፣ ምዋሪንጋ እያያት።

በዚህ መሐል ከመሬት ቢሮ ሰዎች ሊመጡ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እዚያ አካባቢ የሁሉም መሬት በአፍ እንጂ በወረቀት አልነበረም። አሁን ለባለቤቱ ሊጻፍለት ነው ተባለ። ከከተማ አንድ ባለሱቅ ተነሥቶ ደግሞ «ያ ሁሉ መሬት የአያቴ ነው፣ እነ ፖንዳ ትናንት የመጡ ናቸው» ብሎ አመለከተ። የቢሮው ሰው ለሽማግሌዎቹ የተናገረው ግልጽ ነበር፦ ሰው ይዋሻል፣ ዛፍ አይዋሽም። ማን ከማን ቀድሞ እንደነበረ የምናየው በሕይወት በቆመ አሮጌ ዛፍ ነው። የወደቀ ግንድ አንቀበልም፣ እሱን ማንም ከየትም ጎትቶ ያመጣል።

ምዋሪንጋ ይህን ሲሰማ ግንድ መጎተትን ከማንም በላይ ያውቃልና ላብ አጠመቀው። የራሱ ዘንባባዎች እሱ ጎልምሶ የተከላቸው፣ ገና ወገባቸው ያልጠና ናቸው። አባቱ በዚያ አፈር ላይ እንደኖረ የሚመሰክሩት የንጎንዮ ዛፎች ነበሩ። ስድስቱን በገዛ እጁ ከነሥራቸው ነቅሎ አመድ አድርጓቸዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። የቀረችው አንዲት ዛፍ ናት፣ እሷም የካድዞ።

ፀሐይ ሲበርድ አንዲት ዶሮ በእጁ፣ አንድ ቅል ጠጅ በብብቱ ይዞ መንገዱን ተሻገረ። ካድዞ ደጇ ላይ ቅጠል ትጎነጉናለች።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ ካድዞ?»

ካድዞ ዞር ብላ ኋላዋን አየች። «ማንን ነው የምታናግረው? ከኋላዬ ትልቅ ሰው ቆሟል እንዴ?»

«እርስዎን ነው እንጂ፣ እናቴ።»

«ዝንጀሮዋን ነው? ዝንጀሮ አንቱ ይባላል?»

ምዋሪንጋ ዶሮዋን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እጁ እያገላበጠ ቆመ። «ያለፈው አልፏል። ጎረቤት ነን። ሰዎቹ ሲመጡ ያችን ዛፍ አማትዎ ንጎንዮ በአባቴ ፈቃድ እንደተከላት ይመሰክሩልኛል ብዬ ነው።»

«ብመሰክር ምን አገኛለሁ?»

«ዶሮዋን ይዤ መጥቻለሁ።»

ካድዞ ሳቀች። ከቻሮ ሞት ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም፤ ሳቋ ግን ደስታ የለበትም። «ዶሮህን ለባለሱቁ ስጠው። ከኔ የምትፈልገው ነገር ካለ፣ መጀመሪያ ያንን ፍግ በጋሪ ሳይሆን በራስህ ተሸክመህ ታነሣለህ። ግንዶቹን ሁሉ ታቃጥላለህ። ከዚያ በሽማግሌ ባያ ፊት፣ በገዛ እጅህ ጉድጓድ ቆፍረህ፣ ሰባት የኮኮነት ችግኝ ትተክልልኛለህ። አባትህ ያለውን ቃል በአፍህ ትላለህ።»

«ሰባት?» ምዋሪንጋ ዓይኑን አጠበበ። «የሞቱት ስድስት አይደሉም እንዴ?»

ካድዞ ምስጢሯን ያወቀባት መሰላት። እጇ ግን መጎንጎኑን አላቆመም። «ሰባተኛዋ ለምላስህ ናት» አለችው።

ሽቅብ ወደ ረጅሟ ዛፍ አየ። «ያችኛዋ ግን ደኅና ናት?»

«ዛሬ ጠዋት እላይዋ ላይ አላየኸኝም?»

አይቷታል። ዶሮዋን እዚያው ጥሎ ሄደ።

ሁለት ቀን ሙሉ ሰዉ ምዋሪንጋ ፍግ በቅርጫት በራሱ ተሸክሞ ሲመላለስ፣ ጭማቂው ባንገቱ ሲወርድ እየተመለከተ ዋለ። ካሪሳ ሳይቀር መጥቶ «ወገብዎን እንዳያምዎ» አለው። ግንዶቹ ነደዱ፤ ትሉ እሳት ውስጥ እንደ ቆሎ ተንጣጣ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ባያ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ምዋሪንጋ ካሳቫውን ነቅሎ ሰባት ጉድጓድ ቆፈረ፣ ሰባት ችግኝ አቆመ። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ የካድዞን እጅ ጨበጠ።

«አፈሩ የኔ…»

«ጨርስ እንጂ» አሉት ሽማግሌው።

«…ዛፉ ያንቺ።»

እጇን ሲለቅ መዳፉን በሱሪው ጠረገ። እሷም መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

የመሬት ቢሮው ሰው የመጣው የደቡቡ ነፋስ በተነሣ ቀን ነው። ባለሱቁም በጥሩ ጫማው አብሮ መጥቷል። ሰውዬው ከዛፏ ሥር ቆሞ ግንዷን በእጁ ዳሰሰ፣ የቅጠል ጠባሳዎቿን ሽቅብ በዓይኑ ተከተለ፣ ባርኔጣውን ይዞ ወደ ዘውዷ አንጋጠጠ። «ይቺ የሰው ዕድሜ አላት» አለ። «ማን ተከላት?»

ሁሉም ወደ ካድዞ ዞረ። አንዲት ቃል ብትናገር ምዋሪንጋ ነገ ፍየሎቹን እየነዳ መሄጃ ያጣል። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበረ፤ ጣፈጣትም። ግን አፈሩ ለባለሱቁ ከሆነ ትናንት የተተከሉት ሰባቱ በነጋታው ይነቀላሉ። ምዋሪንጋን አልማረችውም። ለችግኞቿ ስትል እውነቱን ተናገረች።

«አማቴ ንጎንዮ ተከላት። አፈሩ የፖንዳ ነው፣ የዚህ ሰው አባት። ሲጨባበጡ ሽማግሌ ባያ ነበሩ።»

«ነበርኩ» አሉ ሽማግሌው።

ባለሱቁ ሊናገር አፉን ሲከፍት ነፋሱ ዛፏን ወዘወዛት። ላይ የታሰረው ቃጫ ተበጠሰ። ረጅሙ የልብ ቅጠል ከጉድጓዱ ተንሸራቶ፣ ቅጠሎቹን እየገጨ፣ ቁልቁል መጥቶ ምዋሪንጋ እግር ሥር ተሰካ።

ምዋሪንጋ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ጫፉ ጥቁር ነው፤ የጢንዚዛ ጥርስ ዙሪያውን ቦርቡሮታል። የተጠቀጠቀው አሸዋና ጨው መዳፉ ላይ ፈሰሰ። ዘንባባ የሚያውቅ ሰው ነውና ወዲያው ገባው፤ ዛሬ የሞተች አለመሆኗም ገባው። ቀና ብሎ ካድዞን አያት። ካድዞ ዓይኗን አልሰበረችም። ያንተ ሥራ ነው፣ ያንተ ከብት ነው የበላት፣ ትላለች ዓይኗ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ የቢሮው ሰው። «ዛፏ ታማለች እንዴ?»

ባለሱቁ አንገቱን አሰገገ። ሽማግሌ ባያ መሬት መሬት ያያሉ። ምዋሪንጋ ቅጠሉን ገልብጦ የተበላውን ጫፍ ወደ ራሱ አዞረው፣ እጁ ውስጥ ሸሸገው።

«አይ፣ ጌታዬ» አለ። «አሮጌ ቅጠል ነው፣ በነፋስ ይወድቃል። ዛፏ ጤነኛ ናት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።» ፊቱን ወደ ካድዞ አዞረ። «እማማ ካድዞ በየቀኑ እየወጡ ይንከባከቧታል።»

ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ጻፈ፤ ከባለሱቁ ጋር ወደሚቀጥለው እርሻ ተራመዱ። ምዋሪንጋ ጨው ባለበት እጁ ቅጠሉን እንደያዘ ቀረ።

«የፖንዳ ልጅ፣» አለችው ካድዞ፣ «ፀሐዩ ከረረ። ችግኞቹ ውሃ ይፈልጋሉ።»

ምዋሪንጋ ባልዲውን አነሣ።